ያልጠረጠረ ሁሉ ተመነጠረ?

ነገሩ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቦታው ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ አይሁዳውያን በሚያዘወትሩት ቲያትር ቤት ነው። መድረኩ ላይ አንድ ሽማግሌ አባት በገዛ ልጁ ቤት የሚበላው ተነፍጎት ይታያል። በዚህ መካከል ከተመልካቾች አንዱ ከመቀመጫው ብድግ ይልና ተዋናዩን በቁልምጫ ስሙ ይጠራዋል። ይህችን ልበ ደንጊያ ልጅህን ተዋትና ከእኔ ጋር ወደ ቤቴ ና፤ ሚስቴ ባለሙያ ናት፣ ታበላሃለች ይለዋል። የቲያትርን ነገር የማያውቅ ምስኪን ነው ብለን እንስቅበት ይሆናል። እኔ ግን ሰውየው የዚያን ምሽት ማንን እያየ እንደ ነበር እጠረጥራለሁ። መድረኩ ላይ የነበረው ተዋናይ ነው፤ እርሱ ያየው ግን ባሕር ማዶ የተወውን አባቱን ነው።

ስለዚሁ ድራማ ሌላም የሚነገር ነገር አለ። ቲያትሩ በታየ ማግስት፣ በዚያው ሰፈር ባሉት ባንኮች ደጃፍ ወጣቶች ይሰለፉ ነበር ይባላል። የሚሰለፉት አገር ቤት ለተዉአቸው ወላጆቻቸው ገንዘብ ለመላክ ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ሰልፉን የማውቀው መሰለኝ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሐዋላ ቤት ደጃፍ ቆሞ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ብዙዎቻችን በስልክ ብንልክም ሰልፉ በልባችን ውስጥ አለ።

እንግዲህ በዚህ ድራማ መነሻነት አንድ ጥያቄ ላንሣ። ሰው ሲያረጅ ሀብቱን ለልጆቹ አምኖ ያስረክብ፣ ወይስ እስኪሞት ጨብጦ ይያዝ? ልጅስ በተራው ወላጁን ሲጦር እየቆጠረ ይስጥ፣ ወይስ ሳይቆጥር?

ድራማው «የአይሁዱ ንጉሥ ሊር» ይባላል። ደራሲው ጃኮብ ጎርዲን ከዩክሬን ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1891 ኒውዮርክ የገባ ሰው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድራማውን በ1892 ለመድረክ ሲያበቃ የመሪውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ዝነኛው ጃኮብ አድለር ነበር። ተመልካቾቹ ቀን በልብስ ስፌት ሲደክሙ ውለው ማታ ቲያትር የሚገቡ ስደተኞች ናቸው። ከ1881 እስከ 1924 ድረስ ሁለት ሚሊዮን ያህል የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ወደ አሜሪካ ሲፈልሱ፣ ብዙዎቹ እናትና አባታቸውን ዳግም ላያዩ ተሰናብተው ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዳዊት ሞይሼሌስ በቪልና ከተማ የሚኖር ባለጸጋ ነጋዴ ነው። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት። በፉሪም በዓል (በመጽሐፈ አስቴር የምናውቀው ነው) ቤተሰቡን ሰብስቦ ለሦስቱም የአልማዝ ጌጥ ይሰጣል። ሁለቱ ታላላቆቹ በደስታ ይቀበላሉ። ታናሺቱ ታይቤሌ ግን አልማዝ አያስፈልገኝም ትላለች፤ ፍላጎቷ ትምህርት ነው። አባት ይቆጣል። ቀጥሎም ንብረቱን ለልጆቹ አድሎ፣ ሚስቱን ይዞ፣ የቀረ ዘመኑን በቅድስት አገር ሊያሳልፍ መወሰኑን ያስታውቃል። የሀብቱን አስተዳደር የሚረከበው የታላቂቱ ባል አብርሃም ሃሪፍ ነው። የታይቤሌ መምህር ያፌ፣ ሼክስፒር ስለጻፈው ስለ ንጉሥ ሊር ተርኮለት፣ አንተም የአይሁዱ ሊር ነህ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። ዳዊት አይሰማም።

ሃሪፍ እልካለሁ ያለውን ገንዘብ ያቋርጣል። ዳዊት ከነሚስቱ ተመልሶ በገዛ ቤቱ ጥገኛ ይሆናል። ምግቡ በልክ፣ ንግግሩ በፈቃድ ይሆናል። በዚህ ላይ ዓይኑ ይጠፋል። በመጨረሻ ታማኝ አገልጋዩን ሻማይን አስከትሎ ለልመና ይወጣል። ደግነቱ ጎርዲን ተመልካቹን በዕንባ ብቻ አይሸኝም። ታይቤሌና ያፌ ሐኪሞች ሆነው ሲጋቡ ሽማግሌው ከበራቸው ይደርሳል፤ ይታረቃሉ፤ ዓይኑም በቀዶ ሕክምና ሊድን እንደሚችል ይነገረዋል።

የሼክስፒር ሊር፣ በ1606 በታኅሣሥ ወር በእንግሊዙ ንጉሥ ፊት የታየው፣ እንዲህ ያለ ማጽናኛ የለውም። እዚያ ታማኟ ልጅ ትሞታለች፤ አባትም አስከሬኗን እንደታቀፈ ይሞታል። ነገሩ የነገሥታት ተረት ብቻም አልነበረም። በ1603 በእንግሊዝ አገር ብራያን አንስሊ የተባለ አዛውንት ነበር። ታላቋ ልጁ አእምሮው ስቷልና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ ይተዳደር ስትል፣ ኮርዴል የምትባለው ታናሽ እኅቷ አባቴ ሲያገለግል ኖሮ በስተርጅናው እብድ ሊባል አይገባውም ብላ ለባለሥልጣን ጽፋለች። የሼክስፒር ታማኝ ልጅ ስም ኮርዴሊያ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የመጀመሪያው መልስ ጥንታዊ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የሚገኘው ሲራክ በሠላሳ ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ሰው በሕይወት ሳለ በራሱ ላይ ለልጅም፣ ለሚስትም፣ ለወንድምም ሥልጣን እንዳይሰጥ ይመክራል። አንተ የልጆችህን እጅ ከምታይ ልጆችህ ያንተን ቢያዩ ይሻላል፤ ርስትህን የምታወርሰው ዕድሜህ ሲፈጸም ነው ይላል ሐሳቡ። የእኛም ሰው ነገሩን በሁለት ቃላት ጨርሶታል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ይህን ምክር የሚንቅ ሰው ኑሮን አያውቅም። ውክልና ሰጥቶ ቤቱን ያጣ ስንት አለ! በወንድሙ ስም መሬት ገዝቶ፣ ሃያ ዓመት በሌሊት ፈረቃ ያጠራቀመውን ፈሰስ አድርጎ፣ በመጨረሻ በገዛ ቤቱ በር እንደ እንግዳ ያንኳኳ ሰው በየከተማው አለ። ለእንዲህ ያለው ነገር መድኃኒቱ ወረቀት፣ ምስክርና ግልጽ ስምምነት ነው። ወረቀት መጻፍ ወንድምን መሳደብ አይደለም፤ እንዲያውም ወንድምን ከፈተና ማዳን ነው።

ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ብቻውን ቤት አያቆምም። ጎርዲን ራሱ ይህን ያወቀ ይመስላል። በ1898 «ሚሬሌ ኤፍሮስ» የተባለ ሌላ ድራማ ጻፈ። በዚህኛው ባለሀብቷ እናት ናት፤ ንግዱን በብልሃትና በጽኑ እጅ የምትመራ መበለት። እንደ ዳዊት በአንድ ምሽት ሁሉን የምትበትን አይደለችም። ሆኖም ምራቷ ከቤት ከገባች በኋላ ሥልጣኑ ከእጇ ይወጣል፤ እርሷም የገዛ ቤቷን ጥላ ትሄዳለች። ብዙ ዓመታት አልፈው እርቅን የሚያመጣው የልጅ ልጅ ነው። ጨብጦ የያዘም፣ በትኖ የሰጠም፣ ሁለቱም ከደጅ ቆሙ። ስለዚህ ችግሩ በመስጠትና በመንፈግ ላይ ብቻ ያለ አይደለም።

ታዲያ የዳዊት ስህተት ምን ላይ ነው? ብዙ ሰው አጉል ማመኑ ላይ ነው ይላል። እኔ ግን ስህተቱ ከማመኑ በፊት የተጀመረ ይመስለኛል። ዳዊት አልማዙን የሰጠው ምስጋና ሊገዛበት ነው። ንጉሥ ሊርም እንዲሁ ነው፤ ግዛቱን ከማከፋፈሉ በፊት የትኛዋ ልጅ አብልጣ እንደምትወደው በቃል እንዲነግሩት አዘዘ። ሁለቱም አባቶች ፍቅርን በሚዛን አስቀመጡት። ፍቅር በገንዘብ እንደሚመዘን ለልጆቹ ያስተማረ አባት፣ ገንዘቡ ከእጁ ሲወጣ ሚዛኑ ባዶ መሆኑን ሲያይ ለምን ይገረማል? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንላለን፤ እውነት ነው። ግን ዥንጉርጉሩን ሆድ ያሳደገው ቤትም የራሱ ድርሻ አለው።

በወንጌል የምናውቀው የጠፋው ልጅ አባትም በሕይወት ሳለ ሀብቱን አካፍሏል። እርሱ ግን ስለ ድርሻው ውደዱኝ አላለም፤ ልጁ ሲሄድ አላሰረውም፤ ሲመለስም ገንዘቡን ምን አደረግኸው ብሎ አልጠየቀውም። መስጠት ማለት ይህ ከሆነ ዳዊት የሰጠው ነገር የለም። ዘውዱን አውርዶ ንጉሥ ሆኖ ሊኖር ፈለገ እንጂ።

ከዚህ አንድ ትምህርት እወስዳለሁ። አምነን የምንሰጠው ሰው ማነው ቢሉ፣ በፊታችን እምቢ ሊል የሚችል ሰው ነው። በዳዊት ቤት አልማዙን አልፈልግም ያለችው አንዲቱ ብቻ ነበረች፤ በመጨረሻም በሯን የከፈተችው እርሷ ናት። እኛ ሽማግሌዎችም፣ ወደ ሽምግልና የምንጠጋውም፣ እሺ ባዩን ልጅ ስናቀርብና ተከራካሪውን ስናርቅ የኋላ ጧሪያችንን ከቤት እያስወጣን እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩት ስለ ወላጆች ነው። መቼም ስለ ሌላው ጥፋት መጻፍ ቀላል ነው። ድራማውን ሳነብ ራሴን ያገኘሁት ግን እንደ ጠበቅሁት በታይቤሌ ቦታ አልነበረም፤ በሃሪፍ ቦታ ነበር። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

አባቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክምና የስኳር በሽታ ሲጀምራቸው እኔ ከዚህ፣ ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ሆነን ልንጦራቸው ተስማማን። በየወሩ የምልከውን ገንዘብ የሚቀበለው ወንድሜ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ቆየን። አንድ ቀን ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ በጨዋታ መሐል ወንድምህ የቤቱን ቆርቆሮ በአዲስ ለወጠ አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ግን የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ደውዬ ከአሁን በኋላ ደረሰኝ ይላክልኝ አልኩ፤ የመድኃኒቱ፣ የወተቱ፣ የታክሲው ሳይቀር።

ወንድሜ ቃል አልመለሰም። በየወሩ መጨረሻ ደረሰኞቹን በፖስታ ይልክልኝ ጀመር። ሒሳቡ ከሳንቲም ሳይጎድል ይገጥማል። እኔም ልቤ ረካ። ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ እኅቴ ደወለች።

«አባባ እኮ ሰው ቡና መጥራት ትተዋል» አለችኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለት ሦስት እኩዮቻቸውን ሳይዙ የማይገቡት ሰው፣ አሁን ብቻቸውን በጓሮ በር ይገባሉ። ምነው ብላ ብትጠይቃቸው፣ «የቡና ደረሰኝ ከየት አመጣለሁ?» አሏት።

ደወልኩላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «ልጄ፣ የላክኸውን እየበላሁ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው፣ «የምሰጠው ግን የለኝም» አሉ።

የወንድሜ ቆርቆሮ በዕቁብ የተገዛ ኖሯል። ይህንንም የነገረችኝ እኅቴ ናት፤ እርሱ እስከ ዛሬ አንሥቶብኝ አያውቅም። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ «ተወው፣ አልፏል» ብሎኛል። ማለፉን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በንጉሥ ሊር ውስጥ ሰዎች ሁሉ የሚያስታውሱት ማዕበሉን ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የምመላለስበት ከማዕበሉ በፊት ያለውን የሒሳብ ክርክር ነው። ሊር ግዛቱን ሲያካፍል 100 ባላባት አጃቢዎች እንዲቀሩለት ተስማምቶ ነበር። አንደኛዋ ልጅ 50 ይበቁሃል ትላለች። ሁለተኛዋ 25 ትላለች። ቀጥሎ 10 ምን ያደርጉልሃል፣ 5ስ፣ በመጨረሻም አንዱስ ለምን አስፈለገ ይባላል። ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ ልጆቹ የሚሉት ስህተት የለበትም። ቤቱ አገልጋዮች ሞልተውታል፤ ሽማግሌው የሚያስፈልገው ሁሉ በእነርሱ በኩል ሊቀርብለት ይችላል። አጃቢዎቹ ይረብሻሉ፤ ወጪያቸውም ከባድ ነው። አባት ግን የሚመልሰው፣ በሚያስፈልገው ብቻ ከተለካ የሰው ኑሮ ከእንስሳ ኑሮ አይለይም የሚል ነው። የእኔ ደረሰኝም እንዲሁ ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ተሟልቷል፤ አባቴ ግን የቡና ባለቤት መሆናቸው ቀርቷል።

በአገራችን ለሰው ከሚመረቁት ምርቃቶች አንዱ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ የሚለው ነው። ሕጉም ከዚህ አልራቀም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ እርስ በርሳቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ቀለብ ግን ቀለብ ነው። ሽማግሌ የሚዋረደው ሲራብ ብቻ አይደለም፤ ለማኝ ደጃፉ ቢመጣ የሚመጸውተው፣ የልጅ ልጁ ሲስመው የሚያስጨብጠው፣ ዝክር ሲደርስ የሚያዋጣው ሲያጣም ነው። ከዚያ በኋላ ሆዱ ቢጠግብም በልጆቹ ቤት ተቀባይ ብቻ ሆኗል።

ይህ ነገር አገር ቤት ባሉት ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን። የልጅ ልጆች ሊያሳድጉ እዚህ ድረስ የመጡ እናቶችን አስቡ። ቤቱ ሞቃት ነው፤ ማቀዝቀዣው ሙሉ ነው፤ ልጆቻቸው መልካም ናቸው። ግን በቦርሳቸው ውስጥ የራሳቸው የሆነ ምንም የለም። እሑድ ለጧፍ እንኳ ልጃቸውን መጠየቅ አለባቸው። ጠይቀው ይሰጣቸዋል፤ ተከልክለው አያውቁም። አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ «መከልከል አይደለም የኔ ልጅ፣ መጠየቁ ነው።» ሲራክ የልጆችን እጅ ስለ ማየት የተናገረው ይኸው ነው። እኔ ስንኩን እንደ ሀብታም ምክር አነበብኩት ኖሯል፤ ለካ የአረጋውያን እሮሮ ነው።

እንግዲህ የሰዎቹን ሰልፍ እንዴት እንፍረደው? በማግስቱ ባንክ የተሰለፈው ወጣት ከልቡ ተጸጽቷል ወይስ ዕንባውን በገንዘብ አብሷል? አንዳንድ ብልህ ሰው ይህ የሌሊት ስሜት ነው፣ በሳምንቱ ይበርዳል ብሎ ሊያጣጥለው ይችላል። እኔ አላጣጥለውም። የተላከው ገንዘብ ከሩቅ ከተማ ደርሶ ዳቦና ማገዶ ሆኗል፤ ዳቦ ደግሞ ከየትም ስሜት ይምጣ ያጠግባል። ቢሆንም ያ ወጣት ከሰልፉ ሲመለስ አንድ ነገር ቢጨምር ደስ ይለኝ ነበር። ከገንዘቡ ጥቂቱን ለይቶ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ምን እንደሆነ አትንገሩኝ ብሎ ቢጽፍ።

ለጥያቄው ያገኘሁት መልስ ትልቅ አይደለም። ቤትና መሬት፣ ንግድና ውርስ በወረቀት ይሁን፤ ወንድምና እኅት ሁሉ ባሉበት፣ ወላጅ ራሱ አፉን ከፍቶ በሚናገርበት ጉባኤ ይሁን። በስውር የተሰጠ ስጦታ ከስጦታው ይልቅ ጥርጣሬን ያወርሳልና። የሽማግሌ መጦሪያ ግን ከሒሳቡ ውጭ የሆነ ድርሻ ይኑረው፤ ትንሽም ትሁን ያልተቆጠረች። በእርሷ ላይ ልንታለል እንችላለን። አንዱ ልጅ ሊበላት፣ ጎረቤት ሊበደራት፣ አባትም በከንቱ ሊያጠፋት ይችላል። በዚህች ያህል መመንጠር ግን አባት አባት ሆኖ እንዲኖር የምንከፍለው ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ተዋናዩ አድለር በ1920 ዓመት በአንጎል ደም መፍሰስ ታሞ ሰውነቱ ደከመ። ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ መድረክ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው የዚህኑ ድራማ የመጀመሪያ ገቢር ነበር፤ በዚያ ገቢር ዳዊት ከወንበሩ መነሣት አያስፈልገውምና። የመጀመሪያው ገቢር አባት ገበታ ላይ ተቀምጦ ስጦታ የሚያድልበት ነው። መቆም የተሳነው ሽማግሌ ተቀምጦ ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

እኔም ከዚያ የስልክ ጥሪ በኋላ ደረሰኙን ተውኩት። ለአባቴም ከመጦሪያው ሌላ ጥቂት ገንዘብ በእጃቸው እንዲደርስ አደረግሁ። የመጀመሪያውን ብር ምን እንዳደረጉበት አልጠየቅኋቸውም። እኅቴ ግን ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ግማሹን ለቡና አውለውታል፤ በግማሹ ለሰፈሩ ልጆች ኳስ ገዝተዋል። ኳሱ በሳምንቱ በመኪና ተረግጦ ፈነዳ። አባቴም ሁለተኛ ገዙ።